ግብር የሚበላው ዘንዶ፤ ፋንታሲ ከጣና ዳር ሲታይ

በአማርኛ ፋንታሲ ለመጻፍ የሚነሣ ወጣት፣ ባሕር ዳርም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዘንዶ ነው። ዘንዶው ክንፍ አለው፤ እሳት ይተፋል፤ በረዶ በለበሰ ተራራ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ፣ የወርቅ ክምር ላይ ተኝቷል። ጀግናው ሰይፉን ታጥቆ ይመጣል፤ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ይዋጋሉ፤ ዘንዶው ይሞታል። አንባቢው እስከ መጨረሻው አንብቦ «ትርጉም ይመስላል» ይልና ያልፋል።

ትርጉም ያስመሰለው ክንፉ ወይም እሳቱ አይደለም፤ ወርቁ ነው። ጸሐፊው ወርቁ ለምን እዚያ እንደተከመረ አልጠየቀም። በጥንቱ ሰሜን አውሮፓ አለቃ ሲሞት ከነሀብቱ ተቀብሮ በላዩ የአፈር ጉብታ ይከመርበት ነበር። በሕይወት ያለው ንጉሥ ደግሞ የሚመዘነው ለተከታዮቹ በሚያድለው ወርቅና አምባር ነው፤ የሚሰጥ ደግ፣ የሚያከማች ክፉ። እንግዲህ ጉብታ ውስጥ ገብቶ በማይበላውና በማይለብሰው ወርቅ ላይ የሚተኛው ዘንዶ የክፉ ንጉሥ ሥዕል ነው። ይህን ያላየ ጸሐፊ ወርቁን ያመጣና ንጉሡን እዚያው ትቶት ይመለሳል።

የእኛው ተረት ዘንዶ አርዌ ወርቅ አይጠብቅም። አርዌ ይነግሣል። ንግሥት ሳባ ከመንገሧ በፊት 400 ዓመት ገዛ ይባላል፤ በነገሥታት ዝርዝር ውስጥም ስሙ ከሰዎቹ ነገሥታት ጋር ተቆጥሮ ይገኛል። ሕዝቡ ተራ ገብቶ ከብት፣ በግና ፍየል ያቀርብለታል፤ በአንዳንዱ አነጋገር የበኩር ሴት ልጅ፣ ወተትና መጠጥም ይጨመራል። አማርኛ ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ግብር። ገበሬው የሚያስገባው ግብር ነው፤ ንጉሡ አዳራሽ ዘርግቶ የሚያበላውም ግብር ነው። ያው እህል፣ ያው ሥጋ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። አርዌ ግን ግብር ይበላል እንጂ ግብር አያበላም። ጥፋቱ ይኸው ነው። የገደለው አንጋቦም ሰይፍ አላነሣም፤ ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን አቀረበለት። ግብሩን ራሱን መሣሪያ አደረገው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ያነገሠው እሱን ነው፤ ልጁም ሳባ ናት ይላል ተረኩ።

ሁለቱን ዘንዶዎች ጎን ለጎን ማየት ፋንታሲ ከታሪክ ጋር ያለውን ዝምድና ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ያሳያል። ሁለቱም ስለ ገዢ ያወራሉ፤ ግን አንደኛው ወርቅ በሚያድል የጦር አለቃ ሥር የኖረ ሕዝብ ፍርሃት ነው፣ ሌላው ጎተራው በሚቆጠርበት ገበሬ ቤት የተወለደ። (ዘንዶ ሁሉ ክፉ ነው ብሎ የሚነሣም አለ፤ ደብረ ዳሞ ላይ አቡነ አረጋዊን በጅራቱ ስቦ ወደ አምባው ያወጣቸው ዘንዶ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።)

የውጭዎቹ ጸሐፊዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። የእንግሊዙ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 የሶም ጦርነት ላይ መኮንን ነበር፤ ሙያው ደግሞ የጥንት እንግሊዝኛ መምህርነት። አሜሪካዊው ጆርጅ ማርቲን በልብ ወለዱ ያለውን የበረዶ ግንብ ሐሳብ ያገኘው ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ122 በብሪታንያ መገንባት በጀመሩት የሃድሪያን ግንብ ላይ ቆሞ ነው፤ የመሳፍንቱን ሽኩቻ ከ1455 እስከ 1487 ከዘለቀው የእንግሊዝ የዙፋን ጦርነት ቀድቷል። እነሱ ከጓሯቸው ለቀሙ። እኛ ደግሞ እነሱ የለቀሙትን እንለቅማለን፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

«ፋንታሲ ሰምና ወርቅ ነው» የሚል አባባል በየውይይቱ ይሰማል። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ አባባሉ ያምራል፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይጥላል። ሰሙ ወርቁ እስኪፈስ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ቅርጽ ነው፤ ወርቁ ከወጣ በኋላ ሰሙን የሚፈልገው የለም። «ይህ ክፉ ንጉሥ እገሌን ነው፣ ይህ ነገድ እነ እገሌን ነው» ተብሎ እንደ እንቆቅልሽ የሚፈታ ፋንታሲ ከተፈታ በኋላ ደግሞ አይነበብም። አርዌ ግን ግብር መሆኑ ከታወቀ በኋላም እባብ ሆኖ ያስፈራል። ለፋንታሲ የሚቀርበው ኅብረ ቃል ነው፤ አንዱ ቃል ሁለቱን ትርጉም ተሸክሞ፣ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ የሚቆምበት።

የእኛን አገር ታሪክ ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፋንታሲ ጸሐፊ ከመሆናችን በፊት ራሳችን የሰው ፋንታሲ ነበርን። እ.ኤ.አ. በ1165 ገደማ ለቢዛንታይኑ ንጉሥ ማኑኤል የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ በአውሮፓ ተሰራጨ። ላኪው ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ ነኝ ይላል፤ 72 ነገሥታት ይገብሩልኛል፣ በአገሬ ዕንቁ የሚያወርድ ወንዝ አለ፣ ከምንጩ የጠጣ ወጣትነቱ ይመለስለታል ይላል። ፈጠራ ነበር። አውሮፓውያኑ ግን አመኑት፤ መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግልን አግኝተው፣ ድንኳናቸው ገብተው፣ ዓመታት ተቀምጠው ሲመለሱ እንኳ አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ንጉሡን የጠራቸው በዚያው በተረት ስም ነው። ፋንታሲ በዐይን ከታየው ሰው በልጦ ተገኘ።

ተረቱ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። «ወንድም ክርስቲያን ንጉሥ» የሚለው እምነት ፖርቱጋልን እ.ኤ.አ. በ1541 የክሪስቶቫው ዳ ጋማን 400 ጠመንጃ ያዦች እንድትልክ ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ዳ ጋማ ራሱ በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በየካቲት 1543 ከጣና ብዙ በማይርቀው በወይና ደጋ ተዋጉ፤ ኢማም አሕመድም እዚያው ወደቁ። ከወታደሮቹ በኋላ የካቶሊክ ሰባኪዎቹ ኢየሱሳውያን መጡ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን አየ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። በሃይማኖቱ ምክንያት አገር ደም ተፋሰሰ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። አንድ ሰው ከዚያ ከ450 ዓመት በላይ ቀድሞ የፈጠረው ደብዳቤ መጨረሻው እዚህ፣ የሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ላይ ደረሰ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ፈጠራው ከዚያም ቀጠለ። ከኢየሱሳውያኑ አንዱ የነበረው ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1735 ተረጎመው፤ በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ አወጣ። ልዑሉ የሚኖረው በተራራ በተከበበ፣ ሐይቅና ፍሬ በሞላበት የደስታ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ መውጣት አይቻልም። ለእንግሊዝ አንባቢ ይህ የምቾት መሰልቸት ምሳሌ ነው። ለእኛ ግን ሸለቆው ስም አለው። የነጋሢ ዘር ዙፋን እንዳይሻማ የሚታሰርበት አምባ ግሸን ነው፤ ከፋሲል ዘመን ወዲህ ደግሞ ወኅኒ አምባ። ዛሬ እስር ቤትን «ወኅኒ» የምንለው ከዚያ ነው። እንግዲህ የእኛ እስር ቤት ባሕር ተሻግሮ ገነት ሆነ። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ የባሕር ዳር ጸሐፊ ስለ ልዑላኑ ቢጽፍ ሸለቆውን ለማስዋብ ቀለም አያባክንም፤ በገመድ የሚወጣውን ምግብ ማን እንደሚቆጣጠር ይጽፋል። ንጉሡ ሲሞት ከአምባው የትኛው ልዑል ይወርድ የሚለውን የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ሰው ነውና።

የራሳችንን ልብ ወለድ የጀመረው ሰውም የዚሁ ሐይቅ ልጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ዘጌ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ዛሬ ዘርፉን የምንጠራበት ቃልም እዚያ ርእስ ላይ ተቀምጧል። ሰዎች የሚዘነጉት መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ዘመኑ አይነገርም፤ የሚዋጉት አገሮች በካርታ ላይ የሉም፤ ክርስቲያንና አረመኔ ይዋጋሉ፤ ጦር መሪ ይማረካል፤ መንታ ልጆቹ ይንከራተታሉ፤ ሴቲቱ ወንድ መስላ ትጓዛለች። ዛሬ ቢወጣ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው ከፋንታሲ ጎን ነበር። ሆኖም ምርኮው፣ ቤዛው፣ ሰውን እንደ ዕቃ መሸጡ ሁሉ በዚያ ዘመን የነበረ እውነት ነው፤ የልጅቷ ስም ደግሞ ጦቢያ፤ ኢትዮጵያ በሕዝብ አፍ የምትጠራበት ስም። ስለዚህ «ፋንታሲ ለአማርኛ እንግዳ ነው» የሚለው ክርክር የአማርኛን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ገጽ አለማንበብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በብዛት የሚወሰደው ዕቃ «የተመረጠው ልጅ» ነው፤ ትንቢት ተነግሯል፣ ምልክት ክንዱ ላይ አለ፣ ልጁ ራሱ አያውቅም። እዚህ ላይ ታሪካችን የተሻለ ነገር አለው። የትንቢት መጽሐፉ ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ከጣና በስተ ምዕራብ፣ ቋራ ያደገው ካሣ ኃይሉ ትንቢቱን እንደ ማንኛውም የቤተ ክህነት ተማሪ ያውቀዋል። ተቀናቃኞቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡታል። እሱ ግን ራስ ዓሊን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ፣ ደጃዝማች ውቤን በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ካሸነፈ በኋላ፣ ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ። ትንቢቱ አልመረጠውም፤ እሱ ትንቢቱን መረጠ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው። ስሙን የለበሰ ሰው ስሙ የገባውን ቃል መክፈል አለበት፤ ሕዝቡም ይቆጥርበታል። የተመረጠው ልጅ ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት ራሱ በእሳት የተኮሰው ቢሆንስ? ይህ ከሁለት መስመር የሚወጣ ሙሉ መጽሐፍ ነው።

የዘመነ መሳፍንቱ ነገር ደግሞ አያልቅም። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበር፤ ሥልጣን ግን አልነበረውም። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፤ ታሪክ የሚያስታውሳቸው «ፍጻሜ መንግሥት» በሚል ቅጽል ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ስም ፈጥሮ ቢያመጣ አርታኢው «ትንሽ በዛ» ይለው ነበር።

አስማት ላይ ብዙ ረቂቅ ይበላሻል። እጅን ዘርግቶ ብርሃን መወርወር ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ምንም አያስጨንቅም። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ የኖረውን ክታብ በቅርብ ያየ ሰው ግን ዋጋውንና ገደቡን አብሮ ያገኛል። ክታብ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፤ ቆዳው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ መወጠሪያ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ፀጉሩ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በጠባቡ ይቆረጥና ሁለት ሦስቱ ቁራጭ ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ ይያያዛል፤ ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህል እስኪሆን። ከራስ እስከ እግር ጥፍር የሚጠብቀው እንዲያ ሲሆን ነው ይባላል። በመቃ ብዕር ይጻፋል፤ «በስመ አብ» እና የቅዱሳኑ ስም በቀይ፣ ቀሪው በጥቁር። በየመካከሉ የሚያፈጡ ዐይኖች፣ መላእክት፣ ጠልሰም ይሣላሉ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ ያሳደደበት ጸሎት ነው። ባዶ በተተወው ቦታ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። ከዚያ ተጠቅልሎ ቆዳ ውስጥ ይሰፋና በአንገት ይንጠለጠላል።

ለልብ ወለድ የሚጠቅመው ስሙ የሚገባበት ቦታ ነው። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ በላዩ ይጻፋል፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ባሉ ክታቦች ላይ ፍቀቱ ይታያል። አጭር እናት የተጻፈላትን ክታብ ረጅም ልጅ ቢወርስ ምን ይጎድለዋል? የክርስትና ስሙን የማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ በማን ስም ይጻፍለታል? የዓለም ስሙን ብቻ የያዘ ጠላት ሊጎዳው ይችላል ወይስ አይችልም? ሕግ ያለው አስማት ይህ ነው፤ ሕጉን መፈልሰፍ አላስፈለገም፤ የታረደች ፍየል ዋጋም ተቆርጦበታል።

ስም ራሱ ሌላ ሀብት ነው። የእኛ ሰው አንድ ስም ብቻ ይዞ አይዞርም። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ ንጉሥ ሲሆን የዙፋን ስም። ያው ካሣ ለወዳጁ ካሣ፣ በጦር ሜዳ አባ ታጠቅ፣ በዙፋን ቴዎድሮስ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ፣ ፋሲል ዓለም ሰገድ። ሰላይ የፈረስ ስሙን ሰምቶ ሰውየውን ሊለየው ይችላል፤ መነኩሴው ግን የክርስትና ስሙን ብቻ ስለሚያውቅ አንድ ሰው መሆናቸውን ሳይረዳ መልእክት ያሳልፋል። ይህን ትቶ ለገጸ ባሕርያት አባት የሌለው፣ ትርጉም የሌለው፣ ፊደሉ ብቻ የሚያስደነግጥ ስም መደርደር ለምን እንደሚመረጥ አይገባም።

ነገሩ የሚበላሽበት ክፉ ቦታ ግን ጭራቅ ፍለጋ ነው። ቡዳ እንደ ጅብ ተለውጦ በሌሊት ይወጣል የሚለው እምነት በአካባቢው ሁሉ አለ፤ ለፋንታሲ የተዘጋጀ ይመስላል። ዝም ብሎ ከመውሰድ በፊት ግን ቡዳ የተባለው ማን እንደነበረ መጠየቅ ግድ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጎንደር አካባቢ ደግሞ በነዚህ ሙያዎች የኖሩት ቤተ እስራኤል። ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ገበሬው መሬት ከልክሎት፣ ከማዕድ ለይቶት፣ በማታ ጅብ ይሆናል አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ የሚል ነው። አፈወርቅ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በዚያው ዓመት መሆኑ ሳይታሰብ የተገጣጠመ ነው። እንግዲህ በዚህ ዘመን «ቀጥቃጩ ጅብ ሆኖ ልጅ በላ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ተረት አልጻፈም፤ የተከለከለውን ስድብ በሥዕል አሳምሮ ደገመ። አማራጩ ግን ቡዳን መተው አይደለም። መዶሻው ሲመታ የሚሰማው፣ ማረሻውን ሠርቶ በአጥር ላይ የሚያቀብለው፣ ልጁ ከየት ነህ ሲባል ዝም የሚለው ሰው ከውስጥ ቢታይ፣ ጅብ መሆን ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ታሪክ አልተጻፈም ማለት ይቻላል።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ወይጦ አሉ። ታንኳ መሥራት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ በድሮ ጊዜ ጉማሬ ማደን የእነሱ ነበር፤ ሙስሊሞች ናቸው፤ የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ራቃቸው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። «የተረገመ የውሃ ነገድ» የሚል ምዕራፍ የሚጽፍ ሰው ከነማን ጓሮ እንደቀዳ ማወቅ አለበት። ቋንቋው የጠፋበት ሕዝብ ለአስማት ቃል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነም ማየት ይችላል፤ የመጨረሻዋ ተናጋሪ አያት የያዘችው ቃል ምን ይከፍት ነበር?

ታቦትን የጀግና ዕቃ ማድረግም እንዲሁ ነው። ጣና ቂርቆስ ላይ ታቦተ ጽዮን ለብዙ መቶ ዓመታት እንዳረፈች የደሴቱ ትውፊት ይናገራል። ክብረ ነገሥት ጽዮን ስትመጣ ሠረገላው፣ ሰዎቹና እንስሶቹ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይጓዙ እንደነበር ይተርካል። አንድ ክንድ! ደመና ላይ አልወጡም፤ ልኩ የተለካ ተአምር ነው፤ የሚያስደነግጠውም ልኩ ነው። አማኙ ለሚያከብረው ነገር ግን «ኃይል የሚሰጥ ሣጥን» የሚል ስም መስጠት አንባቢን ማጣት ነው። ከተአምሩ ልኩን መማር ይሻላል፤ ዕቃውን በቦታው ትቶ።

የሐይቁን አካል በትክክል ማወቅ ከሁሉም በላይ ያግዛል፤ ብዙ ስሕተትም የሚታየው እዚህ ነው። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ሠላሳ ሜትር ቁመት ያለው አውሬ ወይም ማማው የሰጠመ ከተማ መደበቂያ የለውም፤ ማማው ይታያል። ደሴቶቹ ግን የመደበቂያ ቦታ ናቸው። በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሸሸው ወደ ደሴቶቹ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የነገሥታት አስከሬን አለ። ዳጋና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሴት ጀግና ያላት ታሪክ በዚህ አንድ ሕግ ብቻ መንገዷ ይቀየራል፤ የምትፈልገው መጽሐፍ ክብራን ካለ ወይ የሚገባላት ሰው ማመን አለባት፣ ወይ እንደ ጦቢያ ልብስ መቀየር።

ዘጌ ደግሞ ለዓለም ፈጣሪ ጸሐፊ የተዘጋጀ ትምህርት ቤት ነው። አቡነ በትረ ማርያም ባወጡት ሥርዓት ምክንያት በሬ አይጠመድበትም፣ መሬቱ አይታረስም፤ ቡናውና ጌሾው ከፈጣሪ ለእሳቸው የተሰጠ ነው ይባላል። ከዚህ አንዲት ክልከላ ምን እንደተከተለ ይታይ። ማረሻ ስለሌለ ደኑ ቀረ። ደኑ ስለቀረ ከጥላው ሥር ቡና በቀለ። ቡና ስላለ እህል የለም፤ እህል ስለሌለ ቡናና ማገዶ ተጭኖ ሐይቁን መሻገር፣ ጤፍ ገዝቶ መመለስ ግድ ሆነ። ጸሐፊው አንዲት የተቀደሰች ክልከላ አስቀምጦ ሦስት እርምጃ ያህል ቢከተላት ከተማ፣ ገበያና ጠላት በራሳቸው ይመጣሉ። የሚከብደው የጎረቤቱን ወገን ማሰብ ነው፤ እህሉን የያዘው ሰው ዋጋውን መቼ ይጨምራል?

ታንኳውም የራሱ ሕግ አለው። ደንገል ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጠፍረው አፍንጫው ወደ ላይ ይቆለመማል። ሚስማር የለውም። የሚንሳፈፈው የደንገሉ ሆድ አየር ስለሚይዝ ነው፤ የሚሞተውም በዚያው ምክንያት ነው፤ አየሩን እየለቀቀ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ከጉዞ መልስ ወደ ዳር ተጎትቶ እንዲደርቅ የሚቆመው፤ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። በአንዳንድ ረቂቅ ጀግናው አያቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት የደበቀለትን ታንኳ ከዋሻ አውጥቶ ሌሊቱን ይቀዝፋል። አያቱ የደበቀለት አሁን አቧራ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ቀጥታው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነም በአንድ ሌሊት በታንኳ አይደረስም፤ መንገድ ላይ የሚያድርበት ደሴት፣ የሚያሳድረው ሰው፣ የሚጠየቀው ጥያቄ ያስፈልጋል። ምዕራፉም እዚያ ነው ያለው።

አርዌን አምጥተን ደቅ ላይ፣ ትልቁ ደሴት ላይ፣ እናስቀምጠው እንበል። በየሳምንቱ ግብር ይገባለታል። ፍየሎቹ ከየብስ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ከየመንደሩ የሚሰበስብ ጭቃ ሹም አለ፤ ጭቃ ሹሙም ከአሥር ፍየል አንዷን ለራሱ ያስቀራል፤ ዘንዶው ሲጎድልበት የሚጠየቀው ግን መንደሩ ነው። ፍየል ታንኳ ላይ ዝም ብላ አትቆምም፤ እግሯ ይታሰራል፤ ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት፣ በማለዳ መሻገር አለባት። ከዘጌ አትነሣም፤ እዚያ ፍየል አይረባም እንበል፣ ክልከላውን ወደ ፍየልም እናስፋው፤ ዘጌ በፍየል ፈንታ ቡና ትገብራለች፣ ዘንዶው ቡና አይበላም፣ እንግዲህ ቡናውን የሚበላው ማን ነው? ታንኳው በየጥቂት ወሩ ስለሚሞት ደንገል የሚያጭድና የሚጠፍር ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። የዚህን ሰው ማዕድ ማንም አይጋራውም፤ ከሱ ጋር ውሃ እንኳ በአንድ ቅል አይጠጡም። የትኛው ነዶ ከዓምና የተረፈ፣ የትኛው በደንብ ሳይደርቅ የታሰረ እንደሆነ፣ የትኛው ታንኳ ፍየሎቹንና ጭቃ ሹሙን ጭኖ ደቅ ሳይደርስ እንደሚከብድ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።